ዋናው አልፎ ቅጂው ሲኖር

ጅቡቲ የፈረንሳይን ባንዲራ አውርዳ የራሷን በሰቀለችበት በ1977፣ ኮምፒውተር የአንድ ግለሰብ ንብረት ይሆናል ብሎ የሚያስብ እንግሊዛዊ እምብዛም አልነበረም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኮምፒውተር የባንክ፣ የአየር መንገድ፣ የዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ቀዝቃዛ ክፍል ተሰጥቶት በባለሙያ እየተጠበቀ የሚኖር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ አፕል ቱ፣ ኮሞዶር ፔት እና ቲአርኤስ 80 የተባሉ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ማሽኖች ለገበያ ወጡ። አፕል ቱ 1298 ዶላር ይሸጥ ነበር። ብሪታንያ በበኩሏ የኑሮ ውድነት ያናወጣት፣ ከአንድ ዓመት በፊት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ብድር ለመጠየቅ የተገደደች አገር ነበረች። እዚያ ኮምፒውተር ወደ ቤት ይግባ ከተባለ በቅድሚያ መርከስ ነበረበት።

ማርከስ ደግሞ የክላይቭ ሲንክሌር አባዜ ነው። ሲንክሌር ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ፣ ገና በወጣትነታቸው በሬዲዮ መጽሔት ላይ ይጽፉ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1972 ኪስ ውስጥ የሚገባ ስስ ካልኩሌተር አውጥተው አንቱ ተባሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያወጡት ብላክ ዋች የተባለ የእጅ ሰዓት ግን ባለቤቱ ናይለን ሸሚዝ በለበሰ ቁጥር የሚበላሽ ሆነና ኩባንያቸውን አፋፍ ላይ አደረሰው። በ1978 ኬምብሪጅ ከተማ ውስጥ በሌላ ትንሽ ኩባንያ ስም ኤምኬ14 የተባለ ነገር መሸጥ ጀመሩ። ዋጋው 39 ፓውንድ ከ95 ፔንስ። ገዢው የሚደርሰው የተበታተነ ዕቃ ነው፤ ራሱ በይዶ ይገጣጥመዋል። ስክሪን የለውም፣ እንደ ካልኩሌተር ቀያይ አኃዞችን ያሳያል። ሜሞሪው 256 ባይት ነበር፤ ይህ አንቀጽ እንኳ አይገባበትም። ያም ሆኖ ተሸጠ።

መሸጡን በቅርብ ያዩት የሲንክሌር የረጅም ጊዜ ባልደረባ ክሪስ ከሪ ናቸው። አለቃቸው ነገሩን እንደ ጊዜያዊ መተዳደሪያ ሲያዩት እሳቸው ወደፊቱን አዩበት። በ1978 መጨረሻ ሔርማን ሃውዘር ከተባሉ ኦስትሪያዊ የፊዚክስ ምሁር ጋር ተጣምረው የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ የንግድ ስሙን አኮርን አሉት። በስልክ ማውጫ ላይ ከአፕል ቀድሞ እንዲገኝ ነው ስሙ የተመረጠው ይባላል። እንዲህ ሆኖ በአንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ በእግር የሚያስኬድ ርቀት ላይ፣ ሁለት የተኳረፉ ወዳጆች ሁለት የኮምፒውተር ቤቶች ከፈቱ።

ሲንክሌር ቀደሙ። በጥር 1980 የወጣው ዜድኤክስ80 ተገጣጥሞ 99 ፓውንድ ከ95 ፔንስ፣ ሳይገጣጠም 79 ፓውንድ ከ95 ፔንስ ነበር። ከመቶ በታች ኮምፒውተር! ነጭ ፕላስቲክ ሣጥን፣ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ኪቦርድ፣ 1 ኪሎባይት ሜሞሪ። ለስክሪን የቤቱን ቴሌቪዥን፣ ለማስቀመጫ የቤቱን ቴፕ ይጠቀማል። ሒሳብ ሲሠራ ግን ስክሪኑ ይጠፋል፤ አንዱ ፕሮሰሰር ማሰብና ምስል መላክን አንድ ላይ አይችልምና። ቁልፍ በተነካ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ብልጭ ይል ነበር። በመጋቢት 1981 የተከተለው ዜድኤክስ81 ይህን አስተካከለ፤ ተገጣጥሞ 69 ፓውንድ ከ95 ፔንስ፣ ውስጡ አራት ቺፕ ብቻ። ብዙ ትናንሽ ቺፖች የሚሠሩትን ሥራ ፌራንቲ የተባለ ኩባንያ በአንድ ልዩ ቺፕ አጠቃሎ አስገባው። ይህን ዓይነት ቺፕ አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ሌቦችን ለዓመታት ያስቸገረው እሱ ነው። ሌቦች ማለቴም በፍቅር ነው።

ዜድኤክስ81ን ያመርት የነበረው ስኮትላንድ፣ ዳንዲ የሚገኘው የታይሜክስ የሰዓት ፋብሪካ ነው። ማሽኑ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሸጠ። ሜሞሪ የሚጨምር 16 ኪሎባይት ሣጥን ከጀርባው ይሰካል፤ ሣጥኑ ጠረጴዛው በተነቃነቀ ቁጥር ስለሚወዛወዝ የሰዓታት ሥራ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ልጆች በማጣበቂያ አስረውት ይሠሩ ነበር።

አኮርን በዚህ መሃል ሌላ በር አገኘ። ቢቢሲ ሕዝቡን ስለ ኮምፒውተር የሚያስተምር የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅዶ አብሮት የሚሸጥ ማሽን ይፈልግ ነበር። የአኮርን ሰዎች በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ንድፍ ነበራቸው፤ ቢቢሲ የሚሠራ ነገር ለማየት በዚያው ሳምንት ሊመጣ ነው። ሃውዘር ወደ ሶፊ ዊልሰን ደውለው በሳምንት ውስጥ ይደርሳል ወይ ሲሉ አይሆንም ተባሉ። ወደ ስቲቭ ፈርበር ደውለው ጠየቁ፤ እዚያም አይሆንም። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ሌላኛው ይቻላል ብሏል ብለው ነገሯቸው። ሁለቱም እንግዲህ እሱ ካለ ብለው ተስማሙ። ሰኞ የተጀመረው ሥራ ዓርብ ጠዋት፣ የቢቢሲ ሰዎች በር ላይ ሲደርሱ፣ መሥራት ጀመረ። ቢቢሲ ማይክሮ በታህሣሥ 1981 ወጣ፤ ዝቅተኛው 235 ፓውንድ፣ ከፍተኛው 335 ፓውንድ። 12 ሺህ ያህል ይሸጣል ተብሎ የተገመተው በስተመጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል አለፈ፤ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የዋጋውን ግማሽ ይሸፍን ስለነበር የእንግሊዝ ተማሪ ሁሉ በጣቱ ነክቶታል።

ሲንክሌር ተቆጡ። ቢቢሲ የእሳቸውን ማሽን መምረጥ ነበረበት ባይ ናቸው። መልሳቸው በሚያዝያ 1982 መጣ፦ ዜድኤክስ ስፔክትረም። ባለ 16 ኪሎባይቱ 125 ፓውንድ፣ ባለ 48ቱ 175። ጥቁር ሣጥን ነው፤ ጥግ ላይ የቀስተ ደመና መስመር፣ ከላዩ ግራጫ የጎማ ቁልፎች። የሬሳ ሥጋ እንደ መንካት ነው እያሉ ያሾፉበት ነበር። ዛሬ ሰው ሲናፍቀው የምሰማው ያንኑ ጎማ ነው።

ማሽኑ ላይ ጨዋታ ሲጫን እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። የጄን ቁልፍ ሲጫኑት ሎድ የሚለው ትዕዛዝ ሙሉውን ይወጣል፤ እያንዳንዱ ቁልፍ አምስትና ስድስት ትዕዛዝ ተሸክሟል። ቀጥሎ ሁለት ትምህርተ ጥቅስ፣ ከዚያ ኢንተር፣ ከዚያ የቴፑ ፕሌይ። ቴፑ ያፏጫል። የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቀይና ውሃ ሰማያዊ መስመሮች መውረድ ይጀምራሉ፤ ፉጨቱ ወደ ጩኸት ሲለወጥ መስመሮቹ ሰማያዊና ቢጫ ይሆናሉ። 48 ኪሎባይት ለመግባት አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የቴፑ ድምፅ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ በአራተኛው ደቂቃ ላይ የቴፕ ስህተት የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ እንደገና ከአንድ። ካሴት ቤት ሄዶ ሙዚቃ ያስቀዳ የእኛ ትውልድ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል፦ ባለ ሁለት አፍ ቴፕ ያለው ልጅ ጨዋታውን ለክፍሉ ሁሉ ይቀዳ ነበር። መቅዳት በዚህ ማሽን ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ሰው ይገርማል። ስፔክትረም እያንዳንዱን ፊደል የሚሥለው ስምንት በስምንት በሆነ መረብ ላይ ነው፤ 64 ነጥብ፣ ወይ የበራ ወይ የጠፋ። የእንግሊዝኛው ፊደል አብሮት ተቀርጿል። ከዚያ ውጪ ባለቤቱ ራሱ እንዲሥላቸው 21 ባዶ ቦታዎች ትተውለታል። ሃያ አንድ! ሦስት ጊዜ ሰባት ማለት ነው፤ ከሀ እስከ ሆ፣ ከለ እስከ ሎ፣ ከሐ እስከ ሖ፣ አለቀ። ብልሃተኛ ሰው ግን ማሽኑ ፊደሎቹን ከየት እንደሚያነብ የሚናገረውን የሜሞሪ ቁጥር ቀይሮ 96 አዳዲስ ፊደላት በ768 ባይት ማስገባት ይችል ነበር፤ 231ዱን የግዕዝ ፊደል ለማዳረስ ሦስት ዙር ይበቃዋል። ስምንት ነጥብ ላይ ጨ እና ጬ ተለይተው ይነበቡ እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ። ግዕዝ ወደ ኮምፒውተር የገባው በሌላ በር ነው፦ በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ዶክተር አበራ ሞላና ፍስሐ አጥላውን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ለአይቢኤም ዓይነቱ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ሠሩ፤ በ1999 የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ የሆነው ዩኒኮድ 3.0 ፊደሉን በይፋ ተቀበለው።

ስፔክትረም በተወለደበት ዓመትና በቀጣዩ እንግሊዝ ውስጥ ኮምፒውተር ያልሠራ የለም ማለት ይቀላል። ስፔክትረምን የነደፉት ሪቻርድ አልትዋሰርና ስቲቭ ቪከርስ ወዲያው ከሲንክሌር ወጥተው ጁፒተር ኤስን ሠሩ፤ ብዙም አልሄደ። ዌልስ ውስጥ የአሻንጉሊት ኩባንያ የነበረው ሜቶይ ድራገን 32ን በ199 ፓውንድ አወጣ፤ በ1984 የድራገን ሥራው ወድቆ ማሽኑ ወደ ስፔን ተሸጠ። እነዚህን አልፌ ኦሪክ 1 ላይ ልቁም፤ ጅቡቲ ያለ ሰው ስለሱ መስማት ያለበት ይመስለኛል።

ምክንያቱ ቴሌቪዥን ነው። እንግሊዝ ቀለሙን የምትልከው ፓል በተባለው ዘዴ ሲሆን ፈረንሳይ ሴካም የተባለ የራሷን ዘዴ ይዛ ነበር። ጅቡቲ ነጻ ከወጣች በኋላም በቀድሞ ገዢዋ መንገድ ሴካም ላይ ቆየች። ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1984 ባለቀለም ሲሆን ፓልን ነው የያዘው። በዚያ ዘመን አንድ መንገደኛ ስፔክትረም በሻንጣ ይዞ ከለንደን ቢመጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀለሙን የማየት ዕድል ነበረው፤ በባቡር ወርዶ ጅቡቲ ላይ ከሰካው ያው ጨዋታ ጥቁርና ነጭ ይሆንበታል። ፈረንሳይ ውስጥም ችግሩ ይኸው ነው። ፈረንሳዮች ግን ከ1980 ጀምሮ በአገራቸው የሚሸጥ ቴሌቪዥን ሁሉ ፔሪቴል የተባለ ባለ 21 እግር መሰኪያ እንዲኖረው አዘው ነበር፤ በእሱ በኩል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተለያይተው ስለሚገቡ የፓልና የሴካም ጣጣ አይነሳም። በ1983 የወጣው ኦሪክ 1 ለዚህ የሚሆን መውጫ ከጀርባው ነበረው። በዚያ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ 160 ሺህ ያህል፣ ፈረንሳይ ውስጥ 50 ሺህ ያህል ተሸጠ፤ ፈረንሳይ ላይ የዓመቱ አንደኛ ነበር። የእንግሊዙ ድርጅት በ1985 ሲከስር የገዛው ፈረንሳዊ ሆነ። ቡልጋሪያ ደግሞ የኦሪክን ማሽን ኮርጃ፣ ፕራቬትስ 8ዲ ብላ የሲሪሊክ ፊደል ጨምራበት አመረተችው።

ወደ ኮራጆቹ ገባን። የመጀመሪያው ቅጂ በፈቃድ የተሠራ ነው፦ ታይሜክስ በ1982 ዜድኤክስ81ን ሜሞሪውን አጥፎ በ99 ዶላር ከ95 ሳንቲም አሜሪካ ውስጥ ሸጠ። ከዚያ በኋላ ፈቃድ የሚጠይቅ እየቀነሰ መጣ። ብራዚል የአገር ውስጥ አምራቾቿን ለመጠበቅ የውጭ ትናንሽ ኮምፒውተሮች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ሳኦ ፓውሎ ያለው ማይክሮዲጂታል ዜድኤክስ81ን ቲኬ ብሎ፣ በ1985 ደግሞ ስፔክትረምን ቲኬ90ኤክስ ብሎ ሸጠ። ሲንክሌር ማስቆም አልቻሉም። ብራዚላውያኑ የፖርቹጋልኛ ፊደላት መሥያ የሚሆን አዲስ ትዕዛዝ ጨመሩበት፤ እንግሊዞቹ ያላሰቡትን። አርጀንቲና ውስጥ ቼርዌኒ፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ላምዳ 8300፤ ስሙ በየገበያው ይለዋወጣል፣ ሣጥኑ ይቀየራል፣ ውስጡ ያው ነው። ሕንድ በሌላ መንገድ ሄደች፤ በ1984 ክላስ በተባለው መርሐ ግብር ቢቢሲ ማይክሮን ወደ ትምህርት ቤቶች አስገብታ ቆይታ ራሷ መገጣጠም ጀመረች።

ስፔን ውስጥ የሆነው ግን ያስቃል። በ1985 መንግሥት ሜሞሪያቸው 64 ኪሎባይትና ከዚያ በታች ሆኖ የስፓኒሽን ልዩ ፊደል ያልያዙ ኮምፒውተሮች ሲገቡ 15 ሺህ ፔሴታ ቀረጥ ጣለ። የአምስትራድ ኩባንያ ስፔናዊ አከፋፋይ ባለ 64ቱ ማሽን ላይ 8 ኪሎባይት ቺፕ ለጥፎ 472 ብሎ ሰየመው። ቺፑ ከምንም ጋር በአግባቡ አልተገናኘም፤ ማሽኑ ሊጠቀምበት አይችልም። ለቀረጥ ተቆጣጣሪው ዓይን የተቀመጠ ነው። ወደብ ከተማ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም።

የእንግሊዙ ገበያ ያን ጊዜ ማዘንበል ጀምሯል። ሲንክሌር በ1983 ሰር ተብለዋል፤ በጥር 1984 ለንግድ ሰው የሚሆን ኪውኤል የተባለ ማሽን አስተዋወቁ፣ ገንዘቡን ተቀብለው ዕቃውን ለወራት ማድረስ አቃታቸው። አኮርን ኤሌክትሮን የተባለ ርካሽ ማሽን ለ1983 ገና ፈልጎ ማድረስ አልቻለም፤ ለ1984 ገና ሲያደርስ ፈላጊ ጠፋ። መጋዘኑ ሞላ። በዚያ ታህሣሥ አኮርን የሲንክሌር ማሽን ይበላሻል የሚል ትርጉም ያለው ማስታወቂያ በጋዜጣ አወጣ። ሲንክሌር ኬምብሪጅ ውስጥ ባሮን ኦፍ ቢፍ በተባለ መጠጥ ቤት ክሪስ ከሪን አግኝተው በተጠቀለለ ጋዜጣ የከሪን ጭንቅላት እየመቱ ሰደቧቸው። ሁለቱም በወቅቱ የብሪታንያ ኩራት የሚባሉ የድርጅት ባለቤቶች ነበሩ።

ጠቡ ሳይበርድ ሁለቱም ቤቶች ተንገዳገዱ። በየካቲት 1985 የጣሊያኑ ኦሊቬቲ የአኮርንን 49.3 በመቶ ገዛ። ሲንክሌር በጥር 1985 ያወጡት ሲ5 የተባለ ባለ ሦስት እግር የባትሪ ተሽከርካሪ መሳቂያ አደረጋቸው፤ በሚያዝያ 1986 የኮምፒውተር ሥራቸውንና ስሙን ለአላን ሹገር አምስትራድ በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጡ። ስፔክትረም በአምስትራድ እጅ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በ1990ዎቹ መባቻ ምርቱ ቆመ።

እንግሊዝ ላይ ሲሞት ምሥራቅ አውሮፓ ላይ ገና መወለዱ ነበር። ምዕራባውያን ኮኮም በተባለው ስምምነት ለሶሻሊስቱ ጎራ ኮምፒውተር እንዳይሸጥ ከልክለዋል። የሶሻሊስት አገሮች መሐንዲሶች ደግሞ ስፔክትረምን ከፍተው ሲያዩት የሚፈልጉትን አገኙ፦ ጥቂት ዕቃ፣ ቀላል አሠራር። ዜድ80 የተባለውን ፕሮሰሰሩን የምሥራቅ ጀርመኗ ኤርፉርት ዩ880 ብላ ቀድሞውኑ ኮርጃዋለች። የቀረችው ለስፔክትረም የተሠራችው የፌራንቲ ቺፕ ናት። እሷን መሥራት ከባድ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ አንድ በአንድ ምን እንደምትሠራ አጥንተው ሥራዋን በየገበያው በሚገኙ ተራ ቺፖች በተኑት፤ በእንግሊዙ ማሽን አንዲት ቺፕ የነበረው በእነሱ ዘንድ ሙሉ ሰሌዳ ሆነ።

ሩማኒያ ውስጥ ፌሊክስ የተባለው ፋብሪካ ኤችሲ 85ን፣ ፖላንድ ውስጥ ኤልውሮ 800 ጁኒየርን፣ ስሎቫኪያ ስካሊትሳ ውስጥ በ1987 ዲዳክቲክ ጋማን አወጡ። ሶቪየት ኅብረት ላይ ነገሩ ከፋብሪካ ይልቅ የወዳጆች ሥራ ነበር። ሰርጌይ ዞኖቭ የተባሉ መሐንዲስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሌኒንግራድ የተባለውን ንድፍ ሠሩ፤ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ተባዝቶ አገሩን ሞላው። ባዶ ሰሌዳው ከሬዲዮ ዕቃ ገበያ ይገዛል፣ ቺፖቹ ከየፋብሪካው በኪስ ይወጣሉ፣ ሣጥኑን ቤት ውስጥ ይቆርጡታል። ከዚያ ሞስኮ ላይ ፔንታጎን፣ ፒተርስበርግ ላይ ስኮርፒዮን መጡ፤ ሜሞሪያቸው ከዋናው በላይ፣ በካሴት ምትክ ዲስክ የሚጠቀሙ። የዲስኩ አሠራር ቴክኖሎጂ ሪሰርች ከተባለ ትንሽ የእንግሊዝ ድርጅት የተወሰደ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ጥቂት ሰው ብቻ የገዛው ዕቃ ከሞስኮ እስከ ሳይቤሪያ መደበኛ ሆነ። ብዙዎቹ ማሽኖች ሲበሩ የሚያሳዩት ጽሑፍ ደግሞ አለ፦ መብቱ በ1982 የሲንክሌር ሪሰርች መሆኑን የሚገልጸው የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ፣ ፊደሉ ሳይቀየር። የባለቤትነት ማስጠንቀቂያውም አብሮ ተቀድቶ ነበር። ሶቪየት ፈርሳ ሩሲያውያን ልጆች በስፔክትረም ላይ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ አዳዲስ ጨዋታ ይጽፉ ነበር፤ የእንግሊዝ ልጆች ያኔ ማሽኑን ጣሪያ ሥር ጥለውታል።

አኮርን ግን መጋዘኑ በኤሌክትሮን ተሞልቶ ሳለ፣ በአንድ ጥግ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። ቀጣዩ ማሽን የሚሆን ፕሮሰሰር ፈልጎ በገበያ ያለውን ሁሉ ሞክሮ አልወደደውም። በ1983 ዊልሰንና ፈርበር አሜሪካ፣ ፊኒክስ ሄደው የ6502 ፕሮሰሰርን ተከታይ የሚነድፈውን ኩባንያ ጎበኙ። ግዙፍ ላቦራቶሪ ጠብቀው ሄደው ጥቂት ሰዎች በተራ ቤት ውስጥ ሲሠሩ አገኙ። እነዚህ ከቻሉ እኛም እንችላለን ብለው ተመለሱ። ሃውዘር ከጊዜ በኋላ ለቡድኑ ተቀናቃኞቹ ያልነበራቸውን ሁለት ነገር ሰጠሁት፣ ገንዘብም ሰውም አልሰጠሁትም እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሚያዝያ 26 ቀን 1985፣ ኦሊቬቲ የድርጅቱን ድርሻ ከገዛ ከሁለት ወር በኋላ፣ የመጀመሪያው አርም ቺፕ መጣና እንደገባ ሠራ። ትራንዚስተሮቹ 25 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። ፈርበር የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ሲለኩ ቆጣሪው ዜሮ አሳየ። ቢመረምሩት የኃይል መስመሩ ጭራሽ አልተገናኘም፤ ቺፑ ከሌሎቹ ሽቦዎች በሚያመልጠው ጥቂት ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ይህ ለማንም ጥቅም አልነበረውም። ኮምፒውተር ግድግዳ ላይ ይሰካል፣ ኤሌክትሪክ ማን ይቆጥባል?

በኅዳር 1990 አኮርን፣ አፕልና ቪኤልኤስአይ የተባለው ቺፕ ሠሪ ሆነው አርምን ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረጉት፤ 12 መሐንዲሶች፣ ከኬምብሪጅ ወጣ ብላ ባለች መንደር ያለ ጎተራ። ቺፕ የሚያመርቱበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ንድፉን ለማከራየት ወሰኑ። ማንም ይቅዳው፤ ከፍሎ ይቅዳው። ሳኦ ፓውሎ ላይ፣ ሌኒንግራድ ላይ በሠፈር ሰው ሲሠራ የነበረውን ነገር እነዚህ ሰዎች ውል ጻፉለትና ንግድ አደረጉት፤ ሲንክሌር በሕይወት ዘመናቸው ያልገባቸው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1997 መጨረሻ የወጣው ኖኪያ 6110 የአርም ንድፍ በውስጡ ነበረው፤ የሚበላው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ባትሪ ላይ የሚኖር ዕቃ ሁሉ ፈለገው። በ2016 የጃፓኑ ሶፍትባንክ አርምን በ24 ቢሊዮን ፓውንድ ገዛ።

ጅቡቲ ከተማ፣ ሐሙዲ መስጊድ አካባቢ ባለው ገበያ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ስልክ ሲገዛ ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው።

«ኦሪጅናል ነው ፎርጅድ?»

«ወላሂ ኦሪጅናል ነው፣ ካርቶኑን እየው።»

ሾፌሩ ቀፎውን ያገላብጣል፣ ክብደቱን ይመዝናል፣ ካሜራውን ይሞክራል። ኦሪጅናሉም ፎርጅዱም ውስጡ ያው የኬምብሪጅ ንድፍ ነው፤ ሳምሰንግ ይሁን ቴክኖ፣ አይፎን ይሁን የአይፎን አምሳያ። ሾፌሩ በ1985 ካሴት ሲያስቀዳ ከነበረ ልጅ የሚለየው ክፍያው ፋብሪካው በር ላይ ተፈጽሞ መምጣቱ ብቻ ነው።

በየካቲት 2012 ኢበን አፕተን የተባሉ የኬምብሪጅ ሰው ልጆች እንደ ድሮው ኮምፒውተር ነክተው ይማሩ ብለው ራስፕቤሪ ፓይን አወጡ። ባለ አርም ፕሮሰሰር፣ መታወቂያ የሚያክል ሰሌዳ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓይነቶች ለቢቢሲ ማይክሮ ክብር ሞዴል ኤ እና ሞዴል ቢ አሏቸው። የሞዴል ቢ ዋጋ 35 ዶላር ነበር።

ሰር ክላይቭ ሲንክሌር በመስከረም 2021 በ81 ዓመታቸው አረፉ። በኅዳር 2024 ሬትሮ ጌምስ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ስፔክትረምን እንደገና ለገበያ አቀረበ፤ የጎማ ቁልፉ፣ የቀስተ ደመናው መስመር፣ ሁሉም አለ። ዜድ80 ግን የለበትም። አምራቹ ዚሎግ ያን ፕሮሰሰር ለብቻው መሸጥ ሊያቆም መሆኑን ያስታወቀው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ነው። በአዲሱ ሣጥን ውስጥ ስፔክትረምን እያስመሰለ የሚጫወተው የአርም ቺፕ ነው።